በአንድ ዋጋ የሚነሣ ገበታ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የጉባኤው አዘጋጆች ንግግር እንዳደርግ በጋበዙኝ ጊዜ ከእኔ ይጠብቁ የነበረው ስለ ሩዝ ማድረቂያ እንደ ሆነ አላጣሁትም፤ ሙያዬ እርሱ ነውና። ይሁን እንጂ ስለ ማድረቂያው እኔ የማውቀውን ያህል በዚህ አዳራሽ ከተቀመጡት ቢያንስ አምስት ሰዎች ያውቃሉ፤ ከአምስቱም ሁለቱ ይበልጡኛል። ስለዚህ ፈቃዳችሁ ቢሆን፣ ማድረቂያውን ልማር በሄድሁበት አገር ስለ በላሁበት አንድ ርካሽ ምግብ ቤትና ከዚያ ቤት ስለ ቀዳሁት አንድ ንድፍ እነግራችኋለሁ። ንድፉ በከፊል ተሳክቷል፤ በከፊል ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ወደ ፊሊፒንስ የሄድሁት በ2011 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ነበር። ሎስ ባኞስ ከማኒላ በስተደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በማኪሊንግ ተራራ ግርጌ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1960 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ተቋም መቀመጫ ናት። እ.ኤ.አ. በ1966 ወጥቶ የእስያን የሩዝ እርሻ መልክ የለወጠው አይ.አር.8 የተባለው ዝርያ የተገኘው ከዚሁ ነው። አብሮኝ የተላከው በዕድሜ የሚበልጠኝና ጋሼ እያልሁ የምጠራው የሰብል ባለሙያ ሲሆን፣ በጣና ዳር በፎገራ ሜዳ ብዙ ዓመት የሠራ ሰው ነው። እርሱ ስለ ዘሩ፣ እኔ ዘሩ ከታጨደ በኋላ ስለሚሆነው ልንማር ነበር የሄድነው።

የተሰጠን የቀን አበል አነስተኛ ስለ ነበር፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምሳችንን የምንበላው በመንገድ ዳር ቱሮ ቱሮ በሚባሉ ቤቶች ነበር። ቱሮ ማለት በአገሩ ቋንቋ በጣት መጠቆም ማለት ነው። ብረት ድስቶች በመስኮት ሥር ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ ደንበኛው የወደደውን ይጠቁማል፤ ሴትዮዋ በጭልፋ ቀድታ ከሩዝ ጋር ትሰጠዋለች፤ ሒሳቡም በጭልፋ ይታሰባል። ሻጭዋን ሁሉም ሰው «አቴ» ይላታል፤ ታላቅ እኅት ማለት ነው። ጋሼ ይህን በሰማ ጊዜ «እቴ እንደማለት ነው እኮ!» ብሎ ተደነቀ፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ በንጹሕ አማርኛ «እቴ» እያለ ይጠራቸው ጀመር፤ አንዳቸውም ልዩነቱን አላስተዋሉም። ታላቅ ወንድም ደግሞ «ኩያ» ነው። አገሩ በዚህ ረገድ ለእኛ ዓይነቱ ሰው አይከብድም፤ የማያውቁትን ሰው በባዶ ስሙ አይጠሩምና።

በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ ዕለት፣ በማድረቂያው ክፍል አብሮን የሚሠራ አንድ ቴክኒሻን ወደ ቡፌ ቤት ወሰደን። ዋጋው ለአንድ ሰው ከ300 ፔሶ ጥቂት ከፍ ያለ ነበር። በቱሮ ቱሮ ቤት ሦስት ጊዜ የሚያበላ ገንዘብ ቢሆንም፣ አንዴ ከተከፈለ በኋላ ሰው እስኪጠግብ ድረስ ይበላል፤ የሚቀዳ የለም፤ የሚቆጥርም የለም። ከበሩ አጠገብ በተለጠፈው ማስታወቂያ ላይ ዕድሜው 60 የሞላው ሰው 20 በመቶ እንደሚቀነስለት ተጽፏል፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የአረጋውያን ሕግ የሚያዘው እንጂ የባለቤቱ ቸርነት አይደለም። ከሥሩ ሁለት ደንቦች ነበሩ፦ በሳሕን ላይ ምግብ ያስተረፈ ተጨማሪ ይከፍላል፤ ምግብ ይዞ መውጣት ክልክል ነው። ሁለቱን ደንቦች በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ገለበጥኋቸው። በኋላ እመለስባቸዋለሁ።

አዳራሹ ሰፊና ጩኸት የበዛበት ነበር። አያቶች፣ ልጆች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በረጃጅም ጠረጴዛዎች ዙሪያ ተቀምጠዋል። በየጠረጴዛው ላይ ያለው ምንጣፍ ከአባካ ቃጫ የተሠራ ነበር፤ አባካ የማኒላ ገመድ የሚፈተልበት ተክል ሲሆን የእኛው የእንሰት ዘመድ ነው፤ ጋሼ ምንጣፉን እያገላበጠ ሲመረምር ምግቡ ሊቀዘቅዝበት ነበር። ቢላዋ በገበታው ላይ አይታይም። ማንኪያ በቀኝ፣ ሹካ በግራ ይያዛል፤ ሹካው የሚያገለግለው ምግቡን ወደ ማንኪያው ለመግፋት ነው። ሥጋው ሁሉ ከመቀቀሉ በፊት ስለሚከተፍ በገበታ ላይ የሚቆረጥ ነገር የለም።

ምግቡን በሚመለከት፣ የአንድን አገር ታሪክ በድስት ተርታ ማንበብ የሚቻል ከሆነ በዚያ ቤት ይቻላል። ፓንሲት የሚባለው ቀጭን ኑድልና ሉምፒያ የሚባለው በሊጥ ተጠቅልሎ የሚጠበስ ምግብ ከቻይና ነጋዴዎች የመጡ ናቸው። ሌቼ ፍላን የተባለው የዕንቁላልና የወተት ጣፋጭ ከስፔን የመጣ ነው፤ ስፔን ደሴቶቹን ከ1565 እስከ 1898 እ.ኤ.አ. ገዝታለችና። ሲኒጋንግ የሚባለው ጎምዛዛ ሾርባ ግን የራሳቸው ነው፤ የሚጎመዝዘውም እኛ ሮቃ ወይም ሁመር በምንለው ፍሬ ነው። አዶቦ ስሙ የስፔን ቢሆንም አሠራሩ ከስፔኖች በፊት የነበረ ነው ይባላል፤ ሥጋው በኮምጣጤ፣ በነጭ ሽንኩርትና በቁንዶ በርበሬ ይቀቀላል። መሐንዲስ እንደ መሆኔ አዶቦን ያደነቅሁት ከጣዕሙ ይበልጥ ስለ ዘላቂነቱ ነው። በሞቃትና በእርጥብ አየር፣ ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን፣ ሥጋን በአሲድ ማቆየት ታላቅ ብልኀት ነው።

ዕለቱ ዓርብ፣ ጊዜውም የእነርሱ የካቶሊኮቹ ጾም ስለ ነበር፣ ከድስቶቹ በአንዱ ውስጥ ማሾ ተቀቅሎ ቀርቦ ነበር። በጾም ዓርብ ማሾ መብላት የአገሩ ልማድ ነው። ማሾን የሰሜን ሸዋና የወሎ ቆላ ገበሬ እንደሚያመርተው ታውቃላችሁ፤ ነገር ግን የአገራችን ሰው አምርቶ ይሸጠዋል እንጂ እምብዛም አይበላውም። ጋሼ ሁለት ሳሕን በላ። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰን የሌለው ገበታ ፊት የቆምሁ ሰው በመሆኔ፣ ከየድስቱ ጥቂት ጥቂት እየቀዳሁ ሳሕኔን ተራራ አሳከልሁት። ጾሙን አልረሳሁትም፤ አትክልት የመሰለኝን ብቻ ነበር የመረጥሁት። ደበርጃን፣ ባሚያና ዱባ የተቀላቀሉበት ፒናክቤት ነበረ፤ የጎደሬ ቅጠል በኮኮነት ወተት የተቀቀለበት ላይንግ ነበረ፤ ከጥቁር ባቄላ የተሠራ የመሰለኝም ጥቁር ወጥ ነበረ።

ጥቁሩ ወጥ ዲኑጉዋን ይባላል፤ የሚሠራው ከአሳማ ደም ነው። ፒናክቤቱ ባጎንግ በሚባል በጨው በተብላላ ሽሪምፕ የተጣፈጠ ነው። ላይንጉም ውስጥ የአሳማ ሥጋ ነበረበት። ይህን ሁሉ ቴክኒሻኑ የነገረኝ ከተቀመጥሁ በኋላ ነው። ሳሕኔን አየሁ፤ በግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ደንብ አየሁ፤ በኪሴ ያለውንም ገንዘብ አሰብሁ።

ችግሬን የተረዳችው ሳሕን የምትሰበስበዋ ሴት ናት። «ሙስሊም ነህ?» አለችኝ። አይደለሁም አልኋት። «እንግዲያው ኢግሌሲያ ነህ?» ስትል ጠየቀችኝ፤ ኢግሌሲያ ኒ ክሪስቶ የተባለው የአገሩ ሃይማኖት ተከታዮች ደም ያለበትን ምግብ አይበሉምና። ክርስቲያን እንደ ሆንሁ፣ ነገር ግን አሳማ እንደማንበላ፣ አሁንም የእኛ ጾም እንደ ሆነ ነገርኋት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ተመለከተችኝ። ከዚያም ሳሕኔን አንሥታ ወደ ጓዳ አስገባች፤ አዲስ ሳሕን አምጥታም በተርታው ፊት ለፊት ከዳር እስከ ዳር አስከተለችኝ። በእያንዳንዱ ድስት ላይ እየጠቆመች «ይህን አዎን፤ ይህን አይደለም» ትለኝ ነበር። ከቱሮ ቱሮ አምልጬ ወደ ቱሮ ቱሮ ተመለስሁ። ቅጣት አላስከፈለችኝም።

ከዚያ ወዲህ በየዓርቡ እንሄድ ነበር። ባለቤቱ ብዙ ዓመት በባሕረ ሰላጤው አገሮች በአንድ ትልቅ ወጥ ቤት የሠራ ሰው ነው፤ በዚያም ከኢትዮጵያውያን ሴቶች ጋር ስለ ሠራ «እንጀራ» የሚለውን ቃል ያውቅ ነበር። መሐንዲስ መሆኔን ሲያውቅ የአሠራሩን ምሥጢር ሳይደብቅ ነገረኝ። እኔም ማታ ማታ በደብተሬ ላይ ወደ ቁጥር እለውጠው ነበር።

ጥያቄዬ፣ ሰው ሁሉ እስኪጠግብ እየበላ ቤቱ እንዴት አይከስርም የሚል ነበር። በኤሌክትሪክ ሥርጭት ክፍል የተሰማራችሁ መልሱን ቀድማችሁኛል። የአንድን ሠፈር ትራንስፎርመር ስንመርጥ የየቤቱን ከፍተኛ ጭነት ደምረን አንመርጥም፤ ሁሉም ምድጃውን በአንድ ደቂቃ አይለኩስምና። ሆድም እንደዚሁ ነው። አንድ ሰው የሚበላው ከአማካዩ በ40 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል ብለን ብናስብና አንዱ የሌላውን አበላል ባይከተል፣ የ100 ሰዎች አማካይ የሚዋዥቀው በ4 በመቶ ብቻ ነው። ግዙፉ ተማሪ የሚያጎድለውን አያቲቱ ትሞላለች። ስለዚህ ቤቱ የሚያሰጋው በላተኛ ሰው አይደለም፤ የሚያሰጋው የሰው ማነስ ነው። አሥር እንግዶች ብቻ በመጡ ቀን ባለቤቱ ፊቱ ይጠቁር ነበር።

ቀጥሎ ወንበሩ አለ። ሊትል የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1961 ያረጋገጠው ቀላል ሕግ እንደሚለው፣ በአንድ ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎች ብዛት በሰዓት ከሚገቡት ቁጥርና እያንዳንዱ ከሚቆይበት ጊዜ ብዜት ጋር እኩል ነው። 80 ወንበር ያለው ቤት፣ እንግዳው አንድ ሰዓት ቢቆይ በሦስት ሰዓት ምሳ 240 ሰው ያስተናግዳል፤ አንድ ሰዓት ተኩል ቢቆይ 160 ብቻ። የወንበሮቹ መቀመጫ ለምን ደረቅ እንጨት እንደ ሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

የድስቶቹም ተርታ በዘፈቀደ የተሰለፈ አልነበረም። ሩዙ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ቀጥሎ ፓንሲቱ፣ ቀጥሎ ሾርባው፤ ሥጋው የሚገኘው ሳሕኑ ከሞላ በኋላ ነው። የተጠበሰው አሳማ በመጨረሻ ላይ ሆኖ፣ ቢላዋ የያዘ ሰው በስሱ እየቆረጠ ያድላል። ከሁሉም ውስጥ ሰው በራሱ እጅ የማያነሣው ይህ ብቻ ነው። ሩዙ ራሱ ግን በዚያ ዓመት ርካሽ አልነበረም፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ዋጋው ንሮ ሕዝቡን አስጨንቆ ስለ ነበር፣ መንግሥት በየካቲት ወር 2011 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ ከውጭ በሚገባ ሩዝ ላይ የነበረውን የመጠን ገደብ አንሥቶ በቀረጥ ተካው። ባለቤቱ ደስ አለው፤ ቴክኒሻኑ፣ አባቱ ሩዝ ገበሬ ስለ ነበር፣ አልተደሰተም። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ በዚህ ነገር ሲከራከሩ አንድ ምሽት አለፈ።

ስለ ሙቀቱ ጥቂት ልበል፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። የበሰለ ምግብ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ክልል ውስጥ ለረጅም ጊዜ ከቆየ ተሕዋስያን ይራቡበታል። በተለይ ሩዝ አደገኛ ነው፤ ባሲለስ ሴሪየስ የተባለው ተሕዋስ ዘሩ በመፍላት አይሞትም፤ ሩዙ ለብ ብሎ ሲቀመጥ ይነቃል፤ የሚተፋውም መርዝ እንደገና ቢሞቅ አይጠፋም። በዚያ ቤት ምግቡ የሚቀመጠው ከሥሩ የሚፈላ ውኃ ባለበት ገበታ ላይ ሲሆን፣ ድስቶቹ ትንንሽና ጥልቀት የሌላቸው ነበሩ። ለምን ትልቅ ድስት እንደማይጠቀሙ ስጠይቅ ባለቤቱ ሣቀ። ትንሽ ድስት ቶሎ ባዶ ይሆናል፤ ቶሎም በትኩስ ይተካል፤ እንግዳውም ሁልጊዜ ሙሉ ድስት ያያል፤ ማታ ሲዘጋ የሚደፋውም ጥቂት ነው። አንድ ውሳኔ አራት ችግር ሲፈታ ማየት ለመሐንዲስ ታላቅ ደስታ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2022 በዓለም ከተጣለው 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ውስጥ 28 በመቶው ከምግብ ቤቶችና ከመሰሎቻቸው የወጣ ነው፤ የዚያ ቤት ድርሻ ግን ከአንድ ባልዲ ብዙም አያልፍም ነበር።

የመመለሻችን ዋዜማ ልንሰናበት ሄድን። ባለቤቱ ከጓዳ ወጥቶ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ትኩስ ነገር በእጃችን ሰጠን። ባኦን ማለት ስንቅ ነው፤ ለሚሄድ ሰው የሚሰጠው ስንቅ ደግሞ ፓባኦን ይባላል። «ይዞ መውጣት ክልክል ነው ይላል እኮ» አልሁት፤ ወደ ግድግዳው እየጠቆምሁ። «ያ ለደንበኛ ነው» አለኝ። ጥቅሉን አውሮፕላን ማረፊያ በላነው። በደብተሬ ላይ ግን ደንቡን እንጂ ጥቅሉን አልጻፍሁትም።

ወደ አገር ቤት ከተመለስሁ ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ በአንድ የመስኖ ቦይ ግንባታ ላይ ለ180 ሠራተኞች የመመገቢያ ቤት እንዳቅድ ተጠየቅሁ። ቀድሞ የነበረው አሠራር በየምግቡ ቲኬት የሚቆረጥበት ስለ ነበር፣ የቀን ሠራተኞቹ ገንዘብ ለመቆጠብ ሲሉ ዳቦና ሻይ ብቻ ይቀምሱና ከሰዓት በኋላ አካፋ ይዘው ሲንገዳገዱ ይታዩ ነበር። ሥራ ተቋራጩ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን አንድ ዋጋ እንዲከፍልና ሠራተኛው እስኪጠግብ እንዲበላ ሐሳብ አቀረብሁ። ተቀባይነት አገኘ። ወሩ ሳያልቅ ካቦዎቹ ራሳቸው የሥራውን መሻሻል ይናገሩ ጀመር።

በመጀመሪያው ቀን ግን ተዋርጃለሁ። ወንበሩን፣ ተርታውንና ምድጃውን ሁሉ በሊትል ሕግ አስልቼ በአንድ ሰዓት 180 ሰው እንዲያልፍ አድርጌ ነበር። የረሳሁት ቧንቧውን ነው። በሎስ ባኞስ የሚበላው በማንኪያ ስለ ሆነ ለእጅ መታጠቢያ ሁለት ቧንቧ ብቻ አየሁ፤ ሁለት ቧንቧ ነደፍሁ። የአገራችን ሠራተኛ ጭቃ በነካው እጁ እንጀራ አይቆርስም፤ በሳሙና ሲታጠብም 45 ሴኮንድ ይፈጅበታል። በሰዓት 160 ሰው ማለት ነው። የቀሩት 20 ሰዎች ሥራ ሲደወል ገና በሰልፍ ላይ ነበሩ። ቧንቧው ወደ ስድስት ከፍ አለ፤ ይህንን ስሕተት ስናገር አላፍርም።

የማፍርበት ሌላ ነው። ከደብተሬ የገለበጥኋቸውን ሁለት ደንቦች በፊርማዬ በበሩ ላይ ለጥፌ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዘበኛው አንዲት የቀን ሠራተኛ ይዞ ወደ ቢሮዬ መጣ። በፌስታል ውስጥ ሽሮ የተቀባበት ሁለት ጥቅል እንጀራ ተገኝቶባታል። «ጌታዬ፣ አልሰረቅሁም፤ ድርሻዬን ነው የያዝሁት፤ ግማሹን በልቼ ግማሹን ለልጄ አስቀረሁ» አለችኝ። ዘበኛው የእኔን ወረቀት ከበሩ ነቅሎ ይዞት መጥቶ ነበር።

በስሌቴ ውስጥ ድርሻ የሚባል ነገር እንዳልነበረ የታወቀኝ ያን ጊዜ ነው። ስልቱ በሙሉ የቆመው እያንዳንዱ ሰው አንድ ሆድ አለው በሚል ግምት ላይ ነው። የሆድ ወሰን ባይኖር የቤቱ ወሰን የለሽነት ይፈርሳል። ሴትዮዋ ግን በራሷ ላይ ወሰን አኑራ፣ ግማሽ ሆዷን ባዶ ትታ፣ ያተረፈችውን የራሷ ነው ብላለች። ስሌቱ ሊመልስላት የሚችለው ቃል አልነበረም። እኔም በዚያ ሰዓት የመለስሁላት «ደንብ ነው» ብዬ ነበር። ፌስታሉ ዘበኛው እጅ ቀረ፤ የዚያ ቀን ደመወዟም ተቆረጠ።

የሙዝ ቅጠሉ ትዝ ያለኝ ማታ ነው።

በማግስቱ ደመወዟ እንዲመለስ ጻፍሁ፤ ተመለሰላት። ደንቡን ለመለወጥ ግን ሁለት ሳምንት ወሰደብኝ። ሥራ ተቋራጩ፣ ይዞ መውጣት ከተፈቀደ የአንዱ ሰው ዋጋ ወደ ሁለት ሰው ዋጋ ይወጣል አለ፤ በሒሳብ ረገድ አልተሳሳተም። ስለዚህ በየቀኑ የሚደፋውን አስመዘንሁ፤ ከአሥር ኪሎ ያነሰበት ቀን አልነበረም። በመጨረሻም ምሳ ካበቃ በኋላ የተረፈው እንጀራና ዳቦ ልጆች ላሏቸው ሠራተኞች በቁጥር እንዲታደል ተስማማን። ሩዝና ወጥ አልፈቀድሁም፤ በቀትር የወጣ ሩዝ በፌስታል ውስጥ ተቋጥሮ እስከ ማታ ሲቆይ ምን እንደሚሆን አሁን ነግሬአችኋለሁ። ሠራተኞቹ ይህን ክልከላ እንደ ንፉግነት ቆጠሩት። ሁለት ጊዜ ሰብስቤ አስረዳሁ፤ ያመኑኝ አይመስለኝም።

ሴትዮዋ እስከ ግንባታው ፍጻሜ ድረስ ሠርታለች። በየቀኑ ከተርታው መጨረሻ ቆማ ሁለት እንጀራዋን ተቀብላ ትሄድ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ግን እጅ ስነሣት አጸፋውን መልሳልኝ አታውቅም።